አውራ ጣት የሚያህል ጭራቅ

ከስምንት ዓመት በኋላ የቀለም ሣጥኔን ስከፍተው ግማሹ ቀለም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ኦርክ የተባለው ትንሹ የጭራቅ ምስሌ ግን እንደተውኩት ቆሟል፤ ፊቱ አረንጓዴ፣ መጥረቢያው ያልተቀባ። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። «በዚህ ዕድሜህ አሻንጉሊት?» የሚለኝ አይጠፋም፤ መልስ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ።

የእነዚህ የጨዋታ ምስሎች አንዱ ትልቅ መፍለቂያ እንግሊዝ ናት። ዋርሀመር የተባለው ጨዋታ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ምስሎቹ እርሳስ ካለበት ብረት ይሠሩ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ፕላስቲክ ናቸው።

ወደ ኦርኬ ስመለስ እጄ መቀባቱን ይረሳል ብዬ ነበር የፈራሁት። የከዳኝ ዓይኔ ሆኖ ተገኘ፤ ያለ መነጽር የኦርኩ ጥርስ አይታየኝም። እጄማ ሳላዘው ቀለሙን በውኃ ወተት እስኪመስል አቀጠነው። ወፍራም ቀለም የተቀረጸውን ሁሉ ይደፍናል፤ ሁለቴ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ከዚያ የምወደው ይመጣል፦ ውኃ የመሰለ ጥቁር ቀለም በመላ ሰውነቱ ላይ መልቀቅ። ቀለሙ ራሱ መንገዱን ያውቃል። በጣቶቹ መካከል፣ በጥርሱ ሥር፣ በቀበቶው እጥፋት ገብቶ ይተኛል፤ ጠፍጣፋ የነበረው ፊት ባንዴ ይቆጣል። ሲደርቅ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም አስነክቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ የተረፈውን በጉንጩና በአፍንጫው ጫፍ ላይ ብቻ አሻሸዋለሁ።

ዓይኑ ግን ዛሬም አሸነፈኝ። ግራው በሩን፣ ቀኙ ጣሪያውን ያያል። ሦስቴ አጥፍቼ ቀባሁት፤ አራተኛውን ለነገ አሳድሬዋለሁ።