የሞዴል ሥራ ቃላት በአማርኛ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በባለሙያው እጅ ላይ ነው። ቃሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አንባቢው በእርሱ ተመርቶ ሥራውን ካበላሸ ስያሜው ወድቋል ማለት ነው። ይህን እንድንል ያደረገን በቅርቡ ለአስተያየት የተሰጠን የአንድ መመሪያ መጽሐፍ የትርጉም ረቂቅ ነው። መጽሐፉ የአውሮፕላን፣ የታንክና የሕንፃ ሞዴል ለሚሠሩ ጀማሪዎች ስለ ቁሳቁስ አመራረጥና ስለ ቀለም አቀባብ ያስተምራል። የተርጓሚው ዐረፍተ ነገር የጠራ ነው፤ ለአንባቢው የሚያስብ መሆኑም በየገጹ ይታያል። ስለዚህ ሒሳችን የሚያተኩረው በስያሜዎቹ ላይ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሥራው መጠሪያ ራሱ አለ። ረቂቁ ሞዴልን «አርአያ» ብሎ ተርጉሞ «የአውሮፕላን አርአያ» ይላል። አርአያ ግን በምግባሩ የሚከተሉት ሰው ነው እንጂ ከእውነተኛው አካል አንሶ የተሠራ ቅርጽ አይደለም። «ናሙና»ም ቢሆን ከብዙው የተወሰደ ጥቂት ማለት ስለሆነ አይተካውም። «ሞዴል» የሚለው ቃል የተለመደ ስለሆነ እንዳለ ቢቀመጥ እንመርጣለን።

ከዚህ የሚከብደው «ሚዛን» የተባለው ነው። ረቂቁ «በ1 ለ35 ሚዛን የተሠራ ታንክ» ሲል አንባቢው ስለ ክብደት ያስባል። የሚነገረው ግን ስለ ርዝመት ንጽጽር ነው፤ ለዚህም የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት «ውድር» የሚል ቃል አላቸው። ውድሮቹ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። 1 ለ72 ማለት 1 ኢንች 6 ጫማን ይወክላል ማለት ነው፤ በ1 ለ48 ደግሞ ሩብ ኢንች 1 ጫማን ይወክላል። 1 ለ35 ግን ከመለኪያ የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ የፓንተር ታንክን ሞዴል ሲሠራ መጠኑን የወሰነው ሁለት ባትሪዎችን እንዲይዝ ብሎ ነበር፤ ኋላ ሲለካ የእውነተኛውን 35ኛ እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ። ውድሩን የማያውቅ ሰው የቀለሙንም ውፍረት አያውቅም። በ1 ለ35 ሞዴል ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቅብ በእውነተኛው ታንክ ላይ እንደ 3.5 ሚሊ ሜትር ይቆጠራል፤ በ1 ለ72 ሞዴል ላይ ደግሞ እንደ 7.2 ሚሊ ሜትር። መጽሐፉ ቀለም በስሱ እየተደጋገመ እንዲቀባ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማጣበቂያ ነው። ረቂቁ ሁሉንም «ሙጫ» ይለዋል፤ በአንድ ስፍራም «የፕላስቲክ ሲሚንቶ» የሚል ይገኛል። አናጢው የሚያውቀው ኮላ በእንጨት ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይይዛል። የሞዴል ፕላስቲክ የሆነውን ፖሊስታይሪንን የሚያጣብቀው ፈሳሽ ግን የሁለቱን ክፍሎች ገጽ ያሟማል፤ የሟሙት ገጾች ይዋሐዳሉ፤ ፈሳሹ ሲተንም አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ይኸው ፈሳሽ ሬዚንንና ነሐስን አይነካም፤ ለእነርሱ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ሱፐር ግሉ ደግሞ በእንፋሎቱ የአውሮፕላኑን መስኮት ያደበዝዛልና መስኮቱ በነጭ ኮላ ይለጠፋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ «ሙጫ» መጥራት አንባቢውን ያለ ምርጫ ማስቀረት ነው። የኬሚስትሪ መምህራን «አሟሚ» ይላሉ፤ ስለሆነም የመጀመሪያውን «አሟሚ ማጣበቂያ» ብንለው ስሙ ሥራውን ይናገራል።

ሦስተኛውና ዋናው ቀለም ነው። ረቂቁ ለቀለም ሁሉ «ቀለም»፣ ለሚያቀጥነው ፈሳሽ ሁሉ «ማቅጠኛ» የሚል አንድ አንድ ቃል ብቻ ሰጥቷል። የቀለሙን ምዕራፍ አንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ እንዲሞክረው ሰጠነው። ተማሪው ከፎም ቆርጦ የሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነበረው። «ቀለሙን በማቅጠኛ አቅጥነህ ቀባ» የሚለውን አንብቦ በእጁ የነበረውን ቲነር ተጠቀመ። ቲነሩ ፎሙን በላው፤ ግድግዳው እያየነው ወደ ውስጥ ተሰረጎደ። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ተማሪው ያደረገው የተጻፈለትን ነው፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው።

በበኩላችን የሞዴል ቀለሞች በሚያቀጥናቸው ፈሳሽ እንዲሰየሙ እናሳስባለን። አክሪሊክ «በውሃ የሚቀጥን»፣ ኢናሜል «በአኳራጅ የሚቀጥን»፣ ላከር «በቲነር የሚቀጥን» ቢባሉ፣ አንባቢው ጣሳውን ሳይከፍት ጠባዩን ያውቃል። አኳራጅ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቀለም ቀቢዎቻችን የሚጠሩት በዚህ ስም ነውና የሚያውቁትን ነጥቀን የማያውቁትን መስጠት አይገባንም። በዚህ አሰያየም የቅቡም ቅደም ተከተል ይገለጣል። በቲነር የሚቀጥነው በአኳራጅ በሚቀጥነው ላይ ከተቀባ የታችኛውን ያሸበሽበዋል፤ ከታች ሆኖ ከጸና በኋላ ግን ሌላውን በደኅና ይሸከማል። እንፋሎቱ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ፣ መስኮት ከፍቶና ጭንብል አድርጎ መሥራት የሚያስፈልገውም ለምን እንደሆነ አንባቢው ከስሙ ይገነዘባል።

አራተኛው የግሦች ጉዳይ ነው። ረቂቁ «ቀለሙ ሲደርቅ ሞዴሉን እጠበው» ይላል። የእንግሊዝኛው «ዎሽ» እዚህ ላይ ማጠብ አይደለም፤ እጅግ የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም በስርጉዶችና በመገጣጠሚያ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ጥላ እንዲመስል ማድረግ ነው። ቀጥሎም «በደረቅ ቡሩሽ ጥረገው» ይላል፤ አንባቢው አቧራ ያራግፋል። የተፈለገው ግን ቡሩሹን ቀለም አስነክቶ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪቃረብ በጨርቅ ላይ ጠርጎ፣ የቀረችውን ጥቂት ቀለም ጎላ ባሉት ጠርዞች ላይ ማሳረፍ ነው። አንደኛው ጎድጓዳውን ያጨልማል፤ ሁለተኛው ጠርዙን ያበራል። ስለዚህ የፊተኛውን «ጥላ ቅብ»፣ የኋለኛውን «ጠርዝ ቅብ» ብንላቸው ጥንድነታቸው ይታያል። «ቀለሙ እስኪድን ጠብቅ» የተባለውም ቀለም እንደ በሽተኛ ስለማይድን «እስኪጸና» ቢባል ይሻላል። መድረቅና መጽናት ይለያያሉና፤ በጣት ሲነካ የማይለጠፍ ቀለም ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና ላይጸና ይችላል። «የአየር ጠባይ ሥራ» ለተባለው፣ ማለት ዝገትን፣ ጭቃንና የፀሐይ ንጣትን አስመስሎ ለመሥራት፣ «ማስረጀት» የሚለው የታወቀ ግሥ ይበቃል።

«የአካዳሚ ቃል ከግእዝ መውጣት አለበት» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። እኛም በወጣትነታችን ከእነርሱ አንዱ ነበርን፤ ዛሬም ግእዝ ለስያሜ ሰፊ ምንጭ መሆኑን አንክድም። ረቂቁ ከዋናው ቀለም በፊት ለሚቀባው ያወጣለት «ቀዳሚ ኅብር» ግን ችግሩን ያሳያል። ስሙ የሚነግረን መቅደሙን ነው፤ የሚያስፈልገን ሥራው ነው። ይህ ቅብ የሚቀባው ለስላሳውን ሬዚን ወይም ነሐስ ይዞ የሚቀጥለውን ቀለም እንዲያጸና፣ ደግሞም የተደበቀውን ጭረት እንዲያጋልጥ ነው። «መያዣ ቅብ» ቢባል የቃሉ ምንጭ ተራ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሙሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ አንድ ነው። በእጅ ሥራ ቋንቋ ሁለት ነገሮች ሲቀላቀሉ ሥራ የሚበላሽ ከሆነ፣ ሁለት ስም ያስፈልጋቸዋል፤ ስማቸውም የሚለያያቸውን ጠባይ ይያዝ። ቃሉ ነባር፣ ግእዝ ወይም የውሰት መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ረቂቁ በዚህ መንፈስ ቢታረም ሊታተም የሚገባው መጽሐፍ ነው። ያቀረብናቸውን ቃላት ግን እንደ መጨረሻ ብያኔ አንቆጥራቸውም፤ ሞዴል ሠሪዎችና ቀለም ቀቢዎች በሥራ ላይ ፈትነው የተሻለ ካገኙ የእኛ ይተው። ተማሪውም ሕንፃውን እንደገና ሠርቷል፤ በዚህ ጊዜ ጣሳውን ከመክፈቱ በፊት የጠየቀው «በምን ይቀጥናል?» ብሎ ነበር።