ትንሿን መንደር የማይዘነጋ ስሌት

የአንድ አካባቢ ቤተሰቦች በገቢያቸው ቅደም ተከተል ቢሰለፉ፣ መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ ገቢ መካከለኛ ገቢ ይባላል። አንድ ቢሊየነር ሰፈሩ ቢገባ አማካኙ ሽቅብ ይተኮሳል፤ መካከለኛው ግን እምብዛም አይነቃነቅም።

ይህን ገቢ መለካት የሚያስቸግረው ትንንሽ ቦታዎች ላይ ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች መጠይቅ ይልካል። ከጥቂት መቶ ነዋሪዎች መንደር የሚመለሰው ግን እፍኝ አይሞላም። ከ1970ው (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ በኋላ የፌዴራል ገንዘብ ሲከፋፈል፣ ከ500 ሰው በታች ላላቸው ቦታዎች የካውንቲያቸው (ዙሪያቸውን የያዘው ሰፊ የአስተዳደር ክልል) ገቢ እንደ ራሳቸው ገቢ ይወሰድላቸው ነበር። ድሃዋ መንደር በሀብታም ጎረቤቶቿ ተሸፍና ትቀር ነበር ማለት ነው!

የቢሮው ባለሙያዎች ሮበርት ፌይ እና ሮጀር ሄሪዮት በ1979 ያሳተሙት ዘዴ ይህን አቃና። መንደሯ ራሷ የሰጠችውን መልስ ከግብር መዝገብና ከቤት ዋጋ ከሚገኝ ግምት ጋር ያመዛዝናል፤ መላሾች ሲበዙ ለመልሳቸው፣ ሲያንሱ ለግምቱ ያደላል። የመረጃውን ድክመት ሳይደብቅ ለክቶ ከስሌቱ ውስጥ ማስገባቱን እጅግ አደንቃለሁ። ቢሮው ዛሬም የየካውንቲውን መካከለኛ ገቢ የሚገምተው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚሁ ሥራ የሚወጣው የድሃ ልጆች ቁጥርም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ ለመደልደል ያገለግላል።

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ መጠይቁ ሲደርሳችሁ እባካችሁ ሞልታችሁ መልሱት።