«ትንበያ» ወይስ ስሌትና ምልክት? ስለ ላም መውለጃ ጊዜ በተሠራባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ የሚመዘነው ቃሉ በወረቀት ላይ በማማሩ አይደለም፤ የሚሠራበት ሰው ተገቢውን ነገር በጊዜው እንዲያደርግ በመርዳቱ ነው። በዚህ ሚዛን የምናየው ስለ ወተት ላሞች አያያዝ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአርቢዎች የታደለ አንድ መምሪያ ነው። ከመምሪያውም የምንመለከተው «የነፍሰ ጡር ላም የወሊድ ትንበያ» የተባለውን ምዕራፍ ብቻ ነው። የተርጓሚውን ድካም አንነቅፍም፤ ሐሳቡም በአመዛኙ የቀና ነው። ጉድለቱ ያለው በቃላቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ የቃል ጉድለት ጥጃንም ላምንም ሊያስከፍል ይችላል።

ከርእሱ እንነሣ። «ነፍሰ ጡር» ለሰው የተለየ የአክብሮት ስም ነው፤ ላም ግን «ከበደች» ወይም «አረገዘች» ትባላለች። «ትንበያ» የሚለውን ቃል የምንቃወመው ከነቢይ ጋር ስለሚዛመድ አይደለም፤ ለአየር ጠባይ ተለምዶ በሚገባ አገልግሏል። የምንቃወመው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ስለሚጠቀልል ነው። አንደኛው ሥራ ላሟ ከተጠቃችበት ወይም ከተዳቀለችበት ቀን ጀምሮ መቁጠር ነው። ሁለተኛው የላሟን አካልና ጠባይ ማየት ነው። የመጀመሪያው ከወራት በፊት ለመዘጋጀት፣ በተለይም ላሟን 60 ቀን ያህል ሲቀራት ለማንጠፍ ይጠቅማል። ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ ቀናትና ሰዓታት ያገለግላል። ላሟ በግጦሽ ላይ ከመንጋው ኮርማ የተጠቃች እንደ ሆነና ቀኑን ያየ ሰው ከሌለ፣ ለአርቢው የሚቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «የመውለጃ ቀን ስሌት»፣ ሁለተኛው «የመውለጃ ምልክት» ቢባሉ እንመርጣለን።

በስሌቱ ረገድ መምሪያው «9 ወር ከ10 ቀን ቁጠሩ» ይላል። የላም እርግዝና በአማካይ 283 ቀን ያህል ነው፤ እንደ ዝርያዋ፣ እንደ ጥጃው ጾታና እንደ መንታነቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። «9 ወር ከ10 ቀን» ግን ወራቱ 30 እና 31 ቀን ለሆኑበት ለአውሮፓ አቆጣጠር የተበጀ ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ወር 270 ቀን ስለሚሆን የሚጨመረው 13 ቀን ነው። ጥቅምት 1 ቀን የተጠቃች ላም የምትጠበቀው ሐምሌ 14 ቀን ነው። ዘጠኙ ወር ጳጉሜን የተሻገረ እንደ ሆነ ደግሞ የሚጨመረው 8 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 7 ቀን ይሆናል፤ ጥር 1 ቀን የተጠቃችው ጥቅምት 9 ወይም 8 ቀን ትጠበቃለች። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ላሟም ራሷ ቀኑን በጥቂት ቀናት ልታሳልፍ ወይም ልትቀድም ትችላለች። ነገር ግን በተፈጥሮ ልዩነት ላይ የተርጓሚ ስሕተት የሚታከልበት ምክንያት የለም።

በምልክቶቹ ረገድ ስሕተቱ ይከፋል። መምሪያው «ጡቷ ያብጣል» ይላል። በአርቢው አነጋገር ጡት የሚባሉት አራቱ ናቸው፤ ጠቅላላው ከረጢት «ግት» ነው። «አበጠ» ደግሞ የበሽታ ቃል ነው። ይህን ያነበበ ሰው ላሟ ታመመች ብሎ መድኃኒት ሊፈልግ፣ ወይም በእርግጥ የታመመ ግት ሲያይ መውለጃዋ ደረሰ ብሎ ሊተወው ይችላል። ቋንቋችን ግን «አጋተች» የሚል አንድ ቃል አለው፤ ግቷ ወተት አዝሎ ሞላ፣ ተወጠረ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የሙያ ቃል ከየት ይመጣል? እርግጥ ጊደር ከሳምንታት በፊት ስታጋት፣ ደጋግማ የወለደች ላም በጥቂት ቀናት ውስጥ ልታጋት ትችላለች፤ ይህ በፍቺው ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ «የዳሌ ጅማቶች መዝናናት» የሚል እናገኛለን። ጅማት ይላላል እንጂ አይዝናናም። «በጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ላልቶ ሲጎደጉድ» ቢባል አርቢው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን ያህል እንደ ቀራት ይረዳል። በአንጻሩ «የሰውነቷ ሙቀት ከመውለዷ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት በግማሽ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚለካውን በስሙ ጠርቶ መጠኑን ስለሚናገር የሚመሰገን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመጨረሻው መመሪያ ነው፤ «ከ2 ሰዓት በኋላ ካልወለደች ሐኪም ይጠራ» ይላል። በአማርኛ 2 ሰዓት የጊዜ ርዝመትም የቀን ሰዓትም ነው። ላሟ ሌሊት ብታምጥ አርቢው ጠዋት 2 ሰዓት እስኪሆን ሊጠብቅ ነው፤ እስከዚያ ጥጃው ሊታፈን ይችላል። «የሽርት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል አምጣ ጥጃው ካልወጣ» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል። «ምጥ» የሚለው ቃል በምዕራፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አለመገኘቱና በምትኩ «የወሊድ ሂደት ደረጃ» መባሉም ያስገርማል።

የአርቢው ቃላት ከአገር አገር ይለያያሉና ለመምሪያ አይመቹም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መለያየታቸው እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ቃላቱን ከየአካባቢው ሰብስቦ፣ አንዱን በመሪ ቃልነት፣ ሌሎቹን በተመሳሳይነት ማስፈር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤ ማጋት፣ መላላትና ማማጥ በቅደም ተከተላቸውና ከጊዜያቸው ጋር በሙያ መዝገበ ቃላት ይግቡ፤ ማንኛውም የእርባታ መምሪያም ከመታተሙ በፊት ከብት ባረባ ሰው ፊት ይነበብ። ላሟን ሌሊት የሚጠብቃት እርሱ ነውና።