ማዕበሉን በጆሮ መመዘን

ማዕበሉ ሲነሳ ተራኪው አብሮ መጮህ ከጀመረ ትረካውን ዝጉትና ሌላ ፈልጉ። የባሕር ጀብዱ ልብወለዶችን በድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚቆጥብ መመዘኛ አላውቅም።

ምክንያቱን ለማየት የጆሴፍ ኮንራድ «ታይፉን» ይበቃል። ኮንራድ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መርከበኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የታተመው ይህ አጭር ልብወለድ ናን ሻን የተባለች የእንፋሎት መርከብ በቻይና ባሕር ላይ ከአውሎ ነፋስ ጋር ስትተናነቅ ያሳየናል። ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ ነፋሱ የአፍን ቃል ይነጥቃል። ካፒቴን ማክዊር መኮንኑን ጁክስን ማናገር ሲፈልግ አፉን ከጆሮው ላይ ይለጥፋል። ለጁክስ የሚደርሰው ድምፅ ከሩቅ የመጣ ያህል ቀጭን ነው፤ ግን አይናወጥም። ብዙ ተራኪ እዚህ ላይ ነፋሱን ሊያሸንፍ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል። ሙያውን የሚያውቀው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያኔ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ሰው በጁክስ ቦታ ይቆማል፤ የካፒቴኑ ትንፋሽ ለእሱ ነው የሚደርሰው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የበለጠ ከባድ ፈተና አለ። አምስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ የማዕበሉ ሁለተኛ ዙር ገና እየመጣ ነው፤ ካፒቴኑም መርከቧን ማጣት እንደማይፈልግ በብስጭት ይናገራል። ስድስተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ፀሐይ ወጥታለች፤ የተጎሳቆለችው ናን ሻን ወደብ እየገባች ነው። ኮንራድ የማዕበሉን ማብቂያ ጭራሽ አልጻፈውም! አንባቢ በገጹ ላይ ባዶ ቦታ ያያል፤ አድማጭ ያለው ዝምታ ብቻ ነው። «ምዕራፍ ስድስት» ብሎ የሚጣደፍ ተራኪ የመጽሐፉን ትልቁን ድፍረት ይበላዋል።

የባሕር ታሪክ ለጆሮ የሚስማማው በአጋጣሚ አይደለም። በሸራ መርከብ ዘመን ሌሊትና ጉም ሲሆን መርከበኛው የሚሠራው በመስማት ነበር። ደወሉ በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል፤ ስምንት ሲሞላ የአራት ሰዓት ተረኛ ይቀየራል። ወደማይታወቅ ዳርቻ ሲጠጉ ደግሞ አንዱ መርከበኛ በገመድ የታሰረ እርሳስ ወደ ውኃው ይወረውራል። ከእርሳሱ ሥር ያለው ጎድጓዳ በሞራ ይሞላል፤ ሲጎተት አሸዋ ይዞ ከመጣ ታቹ አሸዋ ነው፤ ንጹሑን ከተመለሰ ምናልባት ድንጋይ ነው። ሰውየው ጥልቀቱን በፋተም፣ ማለትም በ1.83 ሜትር ገደማ እየለካ ይጮኻል፦ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አምስት። ጥሩ ደራሲ እዚህ ላይ «ልባቸው መታ» ብሎ አይጽፍም። ጥሩ ተራኪም ቁጥሮቹን እንደ ገበያ ሒሳብ ደረቅ አድርጎ ይላቸዋል። እያነሱ የሚሄዱት ቁጥሮች ራሳቸው ያስፈራሉ።

ቀጥሎ ነፋሱን ጠይቁ። አድማጭ ካርታም ሥዕልም የለውም። በሸራ መርከቦች ውጊያ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ጦርነቱን መቼ እንደሚጀምር ይወስናል፤ ነፋስ ወደ ዐለት የሚገፋው ደግሞ ጠላት ባይኖርም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ውጊያው መሃል ላይ ትረካውን አቁሙና ነፋሱ ከየት ነው? ጠላትስ በየት በኩል ነው? በሉ። መልስ ካጣችሁ ጥፋቱ የደራሲው ነው። (ሳህን እያጠባችሁ ካልነበረ።)

በዚህ ፓትሪክ ኦብራያንን የሚያህል ጥቂት ነው። ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሃያ ልብወለዶች ካፒቴን ጃክ ኦብሪንና ሐኪሙን ስቲቨን ማቱሪንን ይከተላሉ። ማቱሪን ስለ መርከብ እምብዛም አያውቅም፤ ስለዚህ መርከበኞቹ ያስረዱታል። ደጋ ላይ ላደግን ሰዎች ተወካያችን እሱ ነው። የገመዱ ሁሉ ስም ባይገባችሁ አትጨነቁ፤ ገመዱ ሲበጠስ ማን እንደሚሞት ከገባችሁ ይበቃል። ተከታታዩን ፓትሪክ ተልም ሳይመን ቫንስም ተርከውታል። ቫንስ ጥርት ያለና ፈጣን ነው። ተል ከበድ፣ ዘግየት ይላል፤ እኔ ወደ እሱ አደላለሁ፤ የኦብራያንን ቀልድ አያስሮጠውም።

የአሊስተር ማክሊን «ኤችኤምኤስ ዩሊሲስ» (1955) ሌላ ዓይነት ነው። ማክሊን ራሱ ያገለገለበትን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአርክቲክ ጉዞ ይተርካል፤ ብርዱና ሞቱ ፋታ አይሰጥም። በአንድ መቀመጫ አታዳምጡት።

ከጀርባ የሞገድ ድምፅና ሙዚቃ የተጨመረበትን እኔ አልወድም፤ ደራሲው የሠራውን ባሕር ያደበዝዘዋል። የታጠረ ቅጂንም ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመጠበቁ ክፍል ነው፤ ውጥረቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

የአማርኛ አድማጭ ለዚህ ምዘና እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ፣ ገጸ ባሕርይ ስሙ ሳይጠራ በድምፁ ሲታወቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የእንግሊዝኛዎቹንም በዚያው ሚዛን ለኳቸው።

ለመግዛት ስታስቡ በነፃ የሚሰጠው ናሙና ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ መክፈቻ ነው፤ እዚያ ሁሉም ተራኪ ጎበዝ ነው። ስለዚህ «ታይፉን» አጭር ስለሆነና ብዙ ተራኪዎች ስላነበቡት በእሱ ጀምሩ። ሁለት ትረካ አግኙና ማክዊር በጁክስ ጆሮ የሚናገርበትን ሦስተኛ ምዕራፍ በሁለቱም አወዳድሩ።