ልክና ቦታ የሚያውቅ ቀለም

ዘንጋዳ ከተባለው ማሽላ አንድ ፍሬ በምላጭ ለሁለት ክፈሉና ወደ ብርሃን አቅርቡት። ከላይ ስስ ልጣጭ፣ ከውስጥ ዱቄት የሚሆነው ነጭ አካል አለ። በሁለቱ መሃል ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ፍሬውን ዙሪያውን ይከበዋል። አፍ የሚሰበስበው ታኒን ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። የውጩ ቅላት አያታልላችሁ፤ ልጣጩ ቀይ ሆኖ መስመሩ የሌለው ማሽላ ብዙ ነው። መለየት የፈለገ ባለሙያ ፍሬውን በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ልጣጩ ሲለቅ፣ መስመር ያለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የሌለው ነጣ ብሎ ይቀራል።

ከሰቆጣ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ቆላ የወረደ ሰው፣ ማሽላ ለዋግ ኽምራ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ በሚወጣበት፣ አፈሩ በሳሳበት አገር ችሎ የሚቆም እህል ነው። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚደክምባቸው ሰብሎችም አንዱ ነው። እኔ ግን ላደንቅ የተነሣሁት ምርቱን ሳይሆን የእጅ ሥራውን ነው፤ ማሽላው በገዛ ህዋሱ ውስጥ የሚያበጃቸውን ፍላቮኖይድ የተባሉ ውህዶች።

የፍላቮኖይድ አጽም 15 ካርቦን ነው። ስድስት ስድስት ካርቦን ያላቸው ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦን ይያያዛሉ፤ እነዚያ ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ታጥፈው ሦስተኛ ቀለበት ይሆናሉ። ከዳር ዳሩ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ይንጠለጠላሉ። መሣሪያው ይኸው ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ቀለበት ጠፍጣፋ ነገር ሲያገኝ ይደረባል፤ የተንጠለጠሉት ጥንዶች ፕሮቲን ሲያገኙ ይይዛሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ብረትና መዳብ ይጨብጣሉ። የማሽላ ታኒን ይህ አጽም እየተቀጣጠለ የረዘመ ሰንሰለት ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይይዛል። ምራቃችን ውስጥ ያሉትን አፍ የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች ሰብስቦ ያረጋቸዋል፤ ምላስ የሚደርቀውም በዚህ ነው። ግሪሳም አትወደውም። ሌላ ማሳ ካገኘች፣ በተለይ ፍሬው ገና ወተት እንደያዘ፣ ዘንጋዳውን ትታ ታልፋለች። ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ለሚውል ልጅ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

ብልሃቱ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ቅጠሉ ላይ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስናይደርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1990 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ነገሩን ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። የፈንገስ ዘር ቅጠሉ ላይ አርፎ ይበቅላል፤ ጫፉን አሳብጦ አንዱን ህዋስ ሊበሳ ይገፋል። ጥቃት የደረሰበት ህዋስ ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎች ብቅ ይላሉ። ፈንገሱ ሊገባ ወደሚሞክርበት ወገን ይሰበሰባሉ፣ እየቀሉ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻ ክብነታቸውን ያጡና አፒጄኒኒዲንና ሉቴኦሊኒዲን የተባሉትን ቀለሞች ያፈሳሉ። ፈንገሱ ይሞታል፤ ህዋሱም አብሮ ይሞታል፤ ጎረቤቱ ይተርፋል። መርዙ ማሳውን ሙሉ፣ ቅጠሉንም ሙሉ አልተረጨም። የወጣው በተነካችው ህዋስ ልክ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥብነት ያለምክንያት አይደለም። ያገኘውን የሚይዝ ውህድ የራስንና የባዳን አይለይም፤ ዲ.ኤን.ኤንም አይምርም። የዲ.ኤን.ኤ ጥንድ ፊደሎች በመሶብ እንደተነባበረ እንጀራ፣ በ0.34 ናኖ ሜትር ልዩነት ተደራርበዋል። በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚበዛው ኩዌርሴቲን ብልቃጥ ውስጥ ከዲ.ኤን.ኤ ጋር ሲገናኝ በሁለት ተደራራቢ ጥንዶች መካከል ሾልኮ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ክምሩ በአንድ እንጀራ ልክ ከፍ ይላል። የጎኑን ጎድጓድ ይዞ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። መዳብ ከታከለበት ክሩን እስከ መበጠስ ይደርሳል። ይህን ሰምቶ ሽንኩርት መፍራት ግን አያስፈልግም፤ በብልቃጥ ውጤት ብቻ «የካንሰር መድኃኒት» ብሎ መሸጥም አይገባም። አንጀትና ጉበት የሚገባውን ፍላቮኖይድ ሌላ ውህድ እየለጠፉ ያለዝቡታል፤ ደም ውስጥም አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይዞት ይዞራል። ተክሉም ቀድሞ ያደረገው ያንኑ ነው፦ ስኳር ያስርበትና አብዛኛውን ከዲ.ኤን.ኤው አርቆ፣ በህዋሱ የውሃ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ትእዛዙ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ከዲ.ኤን.ኤ ነው። «የሎው ሲድ 1» የተባለ የማሽላ ጂን አንድ ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑ ዲ.ኤን.ኤው ላይ ተቀምጦ ቀዩን ቀለም የሚሠሩትን ጂኖች ያነቃል። አንዳንድ ማሽላ ላይ ቦታ የሚቀያይር የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ እዚህ ጂን ውስጥ ይሰነቀራል። ቁራጩ ባለበት ልጣጩ ነጭ ይሆናል፤ ለቅቆ በወጣበት ይቀላል። አንዱ ፍሬ በቀይና በነጭ ሰረዝ ያጌጣል።

ሰቆጣ ላይ ይህ የማሽላው የእጅ ሥራ ሌላ ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የገባው ቃል የከተማዋን ስም ይዞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ግሪሳን የሚያርቀው ታኒን፣ ሕፃኑ የሚፈልገውን ፕሮቲንና ብረትም አስሮ ይይዛል። ሊጡን የሚያቦካ፣ እህሉን ብቅል የሚያደርግ እጅ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። አዳቃዮች መስመሯን ከፍሬው ማጥፋት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ወፉና ሻጋታው ድርሻቸውን ለመውሰድ ይመጣሉ።

መፍትሔው ቀለሙን ከነሥሩ መንቀል አይመስለኝም። የፍሬው ታኒንና የቅጠሉ ቀለም በአንድ ትእዛዝ ብቻ የሚመሩ አይደሉም፤ ፍሬው ቡናማዋ መስመር የሌለችው፣ ቅጠሉ ግን ሲነካ የሚቀላ ማሽላ አለ። ስለዚህ አዳቃይ ከማሽላው የሚማረው ይህንኑ ልክና ቦታ መለየት ነው፦ ግሪሳ በማይበረታበት ማሳ ብርቱውን ውህድ ለቅጠሉ ትቶ ፍሬውን ለሕፃኑ ማቅለል፤ ግሪሳ በሚያይልበት ደግሞ ዘንጋዳውን ማቆየትና ቀሪውን ሥራ ለቡኮውና ለብቅሉ መተው።