«ስጋት» እና «አስጊነት»፤ የአካባቢን ጠንቅ ለሕዝብ ስለ መግለጽ

ከአዲስ አበባ የጅማን መንገድ ይዞ ሰበታ፣ የአምቦን መንገድ ይዞ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በሰበታ የቢራ፣ የአልኮልና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉ፤ በቡራዩ ዋና ከተማይቱ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ አለ፤ በሱሉልታ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ሜዳ አለ። እንግዲህ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ጎርፍ ለነዋሪው ሊነገር የሚገባው ነገር ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በምን ቃል ይነገራል የሚለው ነው።

በእንግሊዝኛ «ሪስክ» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ መሥሪያ ቤቶቻችን «ስጋት»ን መርጠዋል። «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» የሚለው ሐረግም የኮሚሽን መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ነገር ግን «ስጋት» «ሰጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ መኖሪያው የሰው ልብ የሆነ ቃል ነው፤ የሚሰጋ ከሌለ ስጋት የለም። በወንዝ ውስጥ ክሮም ቢኖርና ከታች ልብስ የምታጥበው ሴት ይህን ባታውቅ ስጋት የለባትም፤ ለጉዳት መጋለጧ ግን ባለማወቋ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። የቃሉ መዘዝ ይበልጥ የሚታየው በመልሱ ላይ ነው። ነዋሪው ስለ ፍሳሹ ሲጠይቅ «ስጋት አይግባችሁ» ቢባል፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ማጽናኛ ነው ወይስ የልኬት ውጤት? ሰሚው የሚለይበት መንገድ የለውም። ተናጋሪውም ምንም ሳይለካ እንደ ለካ ይቆጠርለታል።

«አደጋ»ም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «አደጋ ጣለ» ማለት ጠላትን ሳያስበው፣ ድንገት መውጋት ነው። ይህ የድንገተኛነት ትርጉም ዛሬም ከቃሉ አልለቀቀም፤ «የመኪና አደጋ» ስንል በአንዲት ቅጽበት የደረሰን ነገር እናስባለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ አሥር በላይ ሰዎች ሲሞቱ ሁሉም በአንድ አፍ «አደጋ» አለው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ከዚያው ክምር ሲወጣ የኖረው ጢስና ወደ መሬት ሲሰርግ የኖረው ፍሳሽ ግን ይህ ስም አልተሰጠውም። ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር በአማርኛ ጆሮ አደጋ አይመስልም። ቃሉ ለመርማሪው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ማስታወቂያው የሚጻፈው በዚሁ ቃል ነው።

«ብክለት»ን ግን ማመስገን ይገባናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ርእሱ ያደረገው ይህ ቃል ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ አፍ ለምዶታል፤ «ውሃው ተበከለ» ሲባል የማይገባው የለም። ችግሩ ያለው ከጎኑ በቆሙት በጥንዶቹ «ጥሩ» እና «ድፍርስ» ላይ ነው። «ጥሩ» የወጣው «ጠራ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የጠራ ውሃ በቃሉ ሥር ደግ ውሃ ነው ማለት ነው። የክረምት ጎርፍ ያደፈረሰውን ሕዝባችን ይጠነቀቀዋል፤ የተሟሟ ብረትና የጸረ ተባይ መድኃኒት ግን ውሃን አያደፈርሱም። ስለዚህ «ውሃው ተበክሏል» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ጠርቶ ቢታይም» የሚለው ሐረግ ከፊቱ ካልገባ ማስታወቂያው ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

የግሡም ነገር አለ። «ጎርፍ ሊከሰት ይችላል» የሚለው ዘወትራዊ ቀመር ሁሉን ያህላል፤ የማይከሰት ምን አለ? ቋንቋው ግን ደረጃ አላጣም፤ «ሊደርስ ይችላል»፣ «ሳይደርስ አይቀርም»፣ «መድረሱ አይቀርም» እያለ ይወጣል። ገበሬው ደመና አይቶ በእነዚህ በትክክል ይለያል። «የመከሰት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» የሚለው ግን መከራን የዕጣ ስጦታ ያስመስላል። «ጥንቃቄ ይደረግ»ም ባለቤት የሌለው ትእዛዝ ነው፤ አድራጊው ባለፋብሪካው ይሁን፣ ቀበሌው ይሁን፣ እናቲቱ ትሁን አይታወቅም። (ይህ ሁሉ ወረቀት በግድግዳ ላይ መለጠፍ በሚበቃበት ልማድ ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ እንኳ ቃሉ በጆሮ መፈተን ነበረበት።)

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ነገር ራሱ «ጠንቅ» ይባል፤ «ለጤና ጠንቅ» የማይለው ስለሌለ ማስለመድ አያሻውም፤ ድንገተኛነትንም አያስገድድም። የደረሰው መከራ «አደጋ» እንደ ሆነ ይቅር። ለ«ሪስክ» ደግሞ «አስጊነት»ን እንመርጣለን። ስጋት የሰው ነው፤ አስጊነት የነገሩ ነው። «የፍሳሹ አስጊነት ምን ያህል ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ባለሥልጣን «አይዟችሁ» ብሎ ማምለጥ አይቻለውም፤ ጥያቄው ልኬትን ይጠራልና። ቃሉ ረዘም ይላል የሚል ተቃውሞ እንጠብቃለን፤ «ተጋላጭነት»ን የተሸከመ አፍ ግን ይህን አይከብደውም።

በሦስቱ ከተሞች የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ አያልቅም። «ስጋት»ን ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ተርጓሚ ወይ «ሶዳ» ላይ ወይ «ያዶ» ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ፍርሃት፣ ሁለተኛው ሐሳብና ጭንቀት ነው፤ ስሕተታችን በጎረቤት ቋንቋ ይባዛል ማለት ነው። በአንጻሩ የኦሮሚያ ክልል ለዚህ ሥራ ላቆመው ተቋም የሰጠው ስም «ቡሳ ጎኖፋ» ነው፤ በገዳ ሥርዐት ጉዳት የደረሰበትን ተሰባስቦ የማቋቋም ልማድ መጠሪያ ነው። ይህ ስም ሰው የሚፈራውን ሳይሆን የሚያደርገውን ይናገራል። ስለዚህ የእነዚህ ከተሞች ማስታወቂያ አማርኛው ከእንግሊዝኛ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛ እየተገለበጠ ከሚወጣ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ የልኬቱን ወረቀት ፊታቸው አድርገው በየቋንቋቸው ቢጽፉት እንመርጣለን።