ቃሉና ቅኝቱ፦ ስለማሲንቆ ግጥሞች አሰባሰብ

የማሲንቆ ግጥሞችን ሰብስበን ስንተነትን ብዙውን ጊዜ ቃሉን በወረቀት አስፍረን ዜማውን እንተወዋለን። ይህ አሠራር ሊታረም ይገባል።

ባቲን እንውሰድ። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከ4ቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን የሚጋራውም እንደ ጨፋ ሸለቆ ሁሉ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከምትገኘው የገበያ ከተማ ጋር ነው። አንድ ስንኝ በባቲና በትዝታ ሲዜም የሚያሳድረው ስሜት ይለያያል። ከዚህም ሌላ አዝማሪው ስንኙን ጨርሶ ማሲንቆውን ብቻውን ሲያስጮህ አድማጩ ከሰሙ ወደ ወርቁ የሚሻገርበት ፋታ ያገኛል። ባለአንድ ጭራው መሣሪያ የግጥሙ አካል ነው ማለት ነው።

የጃፓኑ ባለ3 ክር ሻሚሰንም ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። ቡንራኩ በተሰኘው የአሻንጉሊት ተውኔት የሻሚሰኑ ተጫዋች ከተራኪው ጎን ተቀምጦ የገጸባህርያቱን ስሜት በክሩ ይገልጻል። ትረካውን ያለሻሚሰኑ መመርመር አጉድሎ መመርመር ነው።

እንግዲህ ከከሚሴም ሆነ ከባቲ ግጥም የሚሰበስብ ተማሪ ቢያንስ ቅኝቱን፣ ግጥሙ የተዜመበትን አጋጣሚና ማሲንቆው ብቻውን የተሰማበትን ቦታ ይመዝግብ። አለዚያ የምንሔሰው የግጥሙን ግማሽ ብቻ ይሆናል።